የዱቄት ሳሙናን በምን እንተካው? የእንዶድ፣ የሳሙና ፍሬ፣ የካስታኒ፣ የአመድ ውሃና የዘይት ሳሙና ንጽጽር

ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግስት፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ጠዋት ከሳፋው ሳወጣው ቀዩ ክር ለቆ የቀሚሱን ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ ሮዝ አድርጎት ነበር። ሸማኔ ብዙ ቀን የደከመበት ልብስ በአንድ ሌሊት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ከዚያ ወዲህ «እንዲህ ያለውን ልብስ በምን ልጠበው?» ብዬ የጠየቅኋቸው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጡኝ። እናቴ ያደገችበትን እንዶድ አነሳች፤ ጎረቤቴ ከሕንድ የመጣላትን የሳሙና ፍሬ አሳየችኝ፤ ጀርመን የምትኖረው እህቴ በመከር ወራት ከመናፈሻ ስለምትለቅመው፣ ካስታኒ ስለሚባለው የዛፍ ፍሬ ነገረችኝ፤ አክስቴ ደግሞ «አመድ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ሁሉም የየራሳቸውን ከማሞገስ በቀር የትኛው ለየትኛው ልብስ እንደሚሆን የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ አምስቱን አማራጮች በአንድ ዓይነት መመዘኛ እየለካሁ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በቅድሚያ መመዘኛው

አማራጮቹን ከመመዘናችን በፊት የምንተካው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በፋብሪካ የሚሠራው፣ በየቤቱ ኦሞ እያልን የምንጠራው ዓይነት የዱቄት ሳሙና የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ቅባትን ከጨርቅ አላቅቆ ከውሃ ጋር የሚያስማማ አጣቢ፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚይዝ ማለስለሻ፣ በብዙዎቹ ላይ ደምንና ወተትን የሚያብላላ ኢንዛይም፣ የወጣው እድፍ ተመልሶ ጨርቁ ላይ እንዳይተኛ የሚከለክል ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ፍካት እየሰጠ ነጩን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ውሁድ ይኖርበታል። ከዕፅዋት በቀጥታ የሚገኙት አጣቢዎች ከእነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ይመጣሉ። የቀረውን ሥራ የሚሠሩት የእኛ ክንድ፣ የሞቀ ውሃና ፀሐይ ናቸው። ይህን ሳያውቅ የሚጀምር ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እድፉ ምንድን ነው የሚለው ነው። አቧራና ላብ በቀላሉ ይለቃሉ፤ ቅቤና ዘይት ጠንከር ያለ አጣቢ ይፈልጋሉ፤ የበርበሬና የእርድ ቀለም ደግሞ ከአጣቢ ይልቅ የፀሐይ ሥራ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጨርቁ ነው፤ የፈትል ጥጥ፣ ሱፍና ሐር በአንድ ዓይነት ነገር አይታጠቡም፤ ባለ ጥለት ልብስ ሲሆንም የቀለሙ ጉዳይ ይጨመራል። ሦስተኛው ውሃው ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ አንዳንዱን አጣቢ ጨርሶ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። አራተኛው ደኅንነት ነው፤ ለሚያጥበው ሰው፣ በቤት ውስጥ ላሉ ልጆች፣ እጣቢው ለሚደፋበት መሬትና ወንዝ። አምስተኛው ደግሞ ጊዜና ወጪ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዱንም አይተካም፤ ከአምስቱ አማራጮች ውስጥ ሦስቱ ቢዋጡ ይመርዛሉ፣ አንዱ ደግሞ ቆዳ ይልጣል።

እንዶድ

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ በየአጥሩ ላይ የሚጠላለፍ ቁጥቋጦ ነው። ወንድና ሴት ተክል ያለው ሲሆን ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ለልብስ የሚፈለገው ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ተለቅሞ በፀሐይ የደረቀው ነው። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እንደ ሳሙና አንዱ ጫፉ ቅባትን፣ ሌላው ጫፉ ውሃን ይይዛል። በገጠር እናቶች ሸማና ጋቢ በዚህ ሲያጥቡ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

አጠቃቀሙን ከእናቴ ተማርኩ። የደረቀውን ፍሬ በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁት። ይህን ሳደርግ አፍንጫዬን በነጠላ መሸፈን እንዳለብኝ እናቴ ደጋግማ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ሳልሰማት ቀርቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አነጠሰኝ፣ ዓይኔም ቀላ። ከዱቄቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ ግማሽ ሰዓት ካቆየሁት በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት። ቡናማ ውሃ ወጣው፤ በእጅ ሲመቱት ግን እንደ ተመታ የእንቁላል ነጭ ያለ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ይሰጣል። ይህን በ4 ሊትር ውሃ አቅጥኜ አንድ ነጠላ በቀስታ እያሸሁ አጠብኩበት። ማጥለሉን መዝለል አይገባም፤ ያልተጠለለ ዱቄት በፈትሉ መካከል ገብቶ ሦስት ጊዜ ቢለቀለቅም አይወጣም።

ውጤቱን በመመዘኛው ሳየው፣ አቧራና ላብ በሚገባ ለቀቀ፤ የነጠላው ጨርቅም ሲደርቅ እንደ አዲስ ልስልስ ሆነ። ጥለቱ ቀለም አልለቀቀም። ይህ የሆነው የዱቄት ሳሙና በባሕርይው አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን የእንዶድ ውሃ ግን እምብዛም አልካላይ ስላልሆነ፣ ደግሞም ልብሱ ሳያድርበት በደቂቃዎች ስለታጠበ ይመስለኛል። በጉድጓድ ውሃም አረፋው ብዙ አልቀነሰም፤ ሳፖኒን እንደ ተራ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ አይሆንም። ቅቤ ላይ ግን ደካማ ነው። እንዶድ ነጩን እንደ ፋብሪካው ሳሙና ሰማያዊ አያስመስለውም፤ የሚመልሰው የጥጡን የራሱን፣ ወደ ወተት የሚጠጋውን ነጭነት ነው። ለእኔ ዓይን ይህኛው ይበልጣል፤ የሚያንጸባርቅ ነጭ የለመደ ሰው ግን «አልጠራም» ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ በአንድ ወንዝ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ስለነበሩ ይህ ግኝት በሽታውን በአገር በቀል ተክል ለመከላከል ትልቅ ምርምር አስጀመረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ለዶክተር አክሊሉና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ለአጣቢ ሰው ግን ታሪኩ ሌላም ነገር ይነግረዋል፤ ቀንድ አውጣ የሚገድል ውሃ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ ወይም ከብት ወደሚጠጣበት ገንዳ መደፋት የለበትም፤ ከጉድጓድ ራቅ ባለ ደረቅ አፈር ላይ ቢፈስ ሳፖኒኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። እንዶድ ቢዋጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ዱቄቱ ከቅመም ጋር ስለሚመሳሰል በኩሽና መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ፤ ዕቃው ላይ «እንዶድ፣ መርዝ» ተብሎ ይጻፍበት።

የሳሙና ፍሬ

ይህ በሕንድና በኔፓል የሚበቅል ዛፍ ፍሬ ነው፤ ሕንዶች ሪታ ይሉታል። ለእጥበት የሚያገለግለው ዘሩ ሳይሆን ቡናማውና ተለጣፊው ልጣጩ ሲሆን፣ እንደ እንዶድ ሁሉ ሳፖኒን አለው። ከአራት እስከ ስድስት ግማሽ ልጣጭ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ታስሮ ከልብሱ ጋር ወደ ማሽን ይገባል፤ በሞቀ ውሃ ከሆነ ያው ልጣጭ ሦስት ወይም አራት ዙር ያገለግላል። በእጅ ለሚያጥብ ደግሞ ቀቅሎ ውሃውን መጠቀም ይሻላል፤ ነገር ግን የተቀቀለው ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበላሽ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት።

ለሻጮቹ ማስታወቂያ ብዙ እምነት አልሰጥም። ከረጢት ውስጥ ታስሮ በማሽን የሚዞረው ልጣጭ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቀው ሳፖኒን ጥቂት ነው፤ በእንዲህ ያለ አጠቃቀም ልብሱን ያጠራው የሞቀው ውሃና የማሽኑ መፈተግ እንጂ ፍሬው ላይሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አንድ ዙር ያለ ምንም አጣቢ፣ በውሃ ብቻ አጥቦ ማወዳደር ነው። እኔ ሞክሬ በቀን ውሎ ልብስ ላይ ልዩነቱን በዓይን መለየት አልቻልኩም። ቀቅሎ መጠቀሙ ግን ለውጥ ያመጣል፤ ለሱፍ ሹራብና ለሐር ሻርፕ ከአምስቱ ሁሉ የምመርጠው የተቀቀለውን የሳሙና ፍሬ ውሃ ነው። አልካላይነትም ሆነ ፕሮቲን የሚያበላሽ ኢንዛይም ስለሌለበት ክሩን አይጎዳም።

ካስታኒ

ይህ በእንግሊዝኛ ሆርስ ቼስትነት የሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው፤ ለውጭ አገር ነዋሪዎች ብቻ የሚሆን ነው፤ ዛፉ በአውሮፓ ከተሞች መናፈሻና የመንገድ ዳር ሞልቷል፣ በመስከረምና በጥቅምት ፍሬውን በነጻ ያረግፋል። ከአምስት እስከ ስምንት ፍሬ በትናንሹ ተከትፎ 300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ሌሊቱን አድሮ ሲጠለል ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣዋል፣ እርሱም ለአንድ ዙር ማሽን ይበቃል። ለነጭ ልብስ ቡናማው ልጣጭ አስቀድሞ መላጥ አለበት፤ ካልሆነ ጨርቁን ያደበዝዛል። ተከትፎ በደንብ የደረቀው እስከ ሚቀጥለው መከር ይቆያል። የሚበላው የካስታኒ ዓይነት ጫፉ ሹል ሲሆን ይህ ክብ ነው፤ ቢበላ ይመርዛልና ልጆች እንዳይሳሳቱ ማስረዳት ያስፈልጋል። በማጠብ ኃይሉ ከተቀቀለው የሳሙና ፍሬ ብዙም አይለይም።

የአመድ ውሃ

የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት አለው፤ ይህ ውሃን ያለሰልሳል፣ ቅባትንም በከፊል ወደ ሳሙና ይለውጣል። የተነፋ 100 ግራም አመድ በ1 ሊትር ውሃ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ሳይነቃነቅ በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጠለላል፤ በጣት ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ቢጫ መሳይ ውሃ ይሆናል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ ፈጽሞ አይሆንም።

አክስቴ እውነታቸውን ነው፤ ለወፍራም ነጭ ጥጥ፣ ለአንሶላ፣ ለኩሽና ጨርቅና ለሽርጥ ከአመድ ውሃ የሚሻል ርካሽ ነገር አላገኘሁም። ነገር ግን ኃይለኛ አልካላይ ስለሆነ ሱፍንና ሐርን ይበላል፣ የጥለት ቀለም ያስለቅቃል፣ እጅን ያደርቃል፤ አብዝቶ የጠነከረው ደግሞ ቆዳ ይልጣል። ጓንት ሳይደረግ አይነካ፣ ዓይን ውስጥም አይግባ።

የዘይት ሳሙና

እዚህ ላይ የምናገረው ከአትክልት ዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ ስለሚሠራው ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው። በገበያ ያለው ሁሉ ከዕፅዋት ብቻ አይደለም፤ ከሞራ የሚሠራም አለና ለሚጠነቀቅ ሰው መለያውን ማንበብ ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠሩም አሉ፤ ለእነርሱ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመር እንጂ ውሃ በሶዳው ላይ አይፍሰስ፣ ይፈነጥቃልና። የተሠራውም ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ ልብስ ላይ አይዋል።

በቅባት ላይ ከአምስቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አንድ ሜትር አቡጀዲ ቆራርጬ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቅቤ፣ ሽሮ፣ አልጫ ወጥና የአንገትጌ እድፍ አድርጌ በአምስቱም አጥቤ ነበር። ካስታኒውን እህቴ በፖስታ ልካልኝ ነው። የአንገትጌውን እድፍ ሁሉም አስለቀቁ፣ ቅቤውን ጨርሶ ያወጣው ግን የዘይት ሳሙናው ብቻ ነው፤ የአመድ ውሃው ተከተለው። በአልጫው ቁራጭ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አየሁ፤ የእርዱ ቢጫ ሳሙናና አመድ ሲነካው ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ይህ አያሳስብ፤ እርድ አልካላይ ሲነካው ይቀላል፣ በሎሚ ሲታጠብ ወደ ቢጫው ይመለሳል፣ ቢጫውንም ሁለት ቀን ጠንካራ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ያጠፋዋል። የሽሮው የበርበሬ ቅላትም በፀሐይ ለቀቀ።

የዘይት ሳሙና ድክመቱ ውሃ ይመርጣል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲያገኘው አረፋ ከመስጠት ይልቅ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ፎጣው ይደርቃል፣ ነጩ ይጠቁራል። መፍትሔው ከሳሙናው በፊት አንድ ማንኪያ የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት፤ ከኮስቲክ ሶዳ የተለየ ነው) በውሃው ላይ ማሟሟት፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ጥቂት አቸቶ መጨመር ነው። አቸቶውን ከሳሙናው ጋር በአንድ ሳፋ መጨመር ግን ስህተት ነው፤ አሲዱ ሳሙናውን መልሶ ቅባት ያደርገዋል። አቸቶና ሎሚ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል ነውና ይህ ፈጽሞ አይሞከር።

«ከዕፅዋት የተሠራ» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው የፋብሪካ ፈሳሽ ሳሙናም አለ። አጣቢው ከኮኮናት ወይም ከስኳር ሊገኝ ይችላል፣ ግን በፋብሪካ የተቀየረና ብዙ ጊዜም ኢንዛይም የተጨመረበት ስለሆነ በጠባዩ ለመደበኛው ፈሳሽ ሳሙና ይቀርባል። ሥራውን ይሠራል፤ በዚህ ንጽጽር ያላስገባሁት ሌላ ወገን ስለሆነ ነው።

| መመዘኛ | እንዶድ | የሳሙና ፍሬ (የተቀቀለ) | ካስታኒ | የአመድ ውሃ | የዘይት ሳሙና |
|---|---|---|---|---|---|
| አቧራና ላብ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ቅቤና ዘይት | ደካማ | ደካማ | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ባለ ጥለት ፈትል | ይስማማል | ይስማማል | ተልጦ ይስማማል | አይስማማም | በጥንቃቄ |
| ሱፍና ሐር | ይቻላል | ይመረጣል | ይቻላል | አይቻልም | አይመከርም |
| ካልሲየም የበዛበት ውሃ | ብዙ አይጎዳውም | ብዙ አይጎዳውም | ብዙ አይጎዳውም | ውሃውን ያለሰልሳል | ይጎዳዋል |
| በማሽን | አይመከርም | ይቻላል | ይቻላል | በጥቂቱ | ተፍቆና ሟሙቶ |
| ዋና ጥንቃቄ | መርዛማ፣ ዓሣ ይገድላል | አይበላም፣ ቶሎ ይበላሻል | መርዛማ | ቆዳና ዓይን ያቃጥላል | ዝቃጭ ይተዋል |
| ወጪና ድካም | ርካሽ፣ አድካሚ | ከውጭ የሚመጣ | ነጻ፣ በወቅቱ ብቻ | ነጻ፣ አንድ ቀን ይፈጃል | መካከለኛ፣ ቀላል |

ለማን የቱ?

ብዙ ልጆች ላሉበት፣ በየቀኑ ዘይትና ጭቃ የነካው ልብስ ለሚታጠብበት ቤት የዘይት ሳሙናን አስቀድማለሁ፤ ለአንሶላና ለኩሽና ጨርቅ የአመድ ውሃ ይደግፈዋል። በጀቱ በጣም ለጠበበ ቤተሰብ ሁለቱን ማጣመር፣ ማለትም ነጩን በአመድ ውሃ ዘፍዝፎ አንገትጌውንና እጅጌውን ብቻ በሳሙና ማሸት፣ የሳሙናውን ፍጆታ በሚታይ መጠን ይቀንሳል።

ለሕፃን ልብስና ለሽንት ጨርቅ እንዶድን አልመክርም፤ በደንብ ካልተለቀለቀ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላልና። የሳሙና ፍሬም ለዚህ ኃይሉ አይበቃም። ሽታ የሌለው የዘይት ሳሙና፣ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ቀጥሎም ሙቅ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅና ፀሐይ ይበቃሉ። የደምና የወተት እድፍ በሙቅ ውሃ ከተጀመረ ጨርቁ ላይ ይረጋል።

ልብሳቸውን ወንዝ ወርደው ለሚያጥቡ ሰዎች ምክሬ ምንም ዓይነት አጣቢ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ፣ ውሃውን በባልዲ ቀድቶ ከዳር ራቅ ብሎ እንዲታጠብ ነው፤ እንዶድ ሲሆን ደግሞ ይህ የግድ ነው።

አውሮፓና አሜሪካ ላሉ፣ ማሽን ለሚጠቀሙና የዕለት ልብሳቸው ብዙ ለማያድፍ ሰዎች ካስታኒ ወይም የተቀቀለ የሳሙና ፍሬ ይሞከር፤ ቅባት የነካውን ቦታ አስቀድሞ በሳሙና ማሸት ግን አይቀርም። ነጩ ልብስ በጊዜ ብዛት ቢያመድ አይደነቅ፤ የወጣውን እድፍ በውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ የሚይዝ ነገር ስለሌለ በየወሩ አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃና በልብስ ሶዳ ማጠብ ያስፈልገዋል።

ለሀበሻ ልብስ፣ ላገኘው ሰው፣ እንዶድን የሚተካ አላየሁም፤ ላጣው የተቀቀለ የሳሙና ፍሬ ውሃ ይቀርበዋል። ከመታጠቡ በፊት ግን እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ አንድ ደቂቃ ተጭኖ ይታይ። ቀለም ከወጣበት ልብሱ በምንም ነገር አይዘፍዘፍ፤ ጥለቱን ከሳፋው ውጭ በአንድ እጅ ይዞ ነጩን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ማጠብ፣ ጥለቱንም በመጨረሻ ለብቻው ማለቅለቅ ነው። ፈትል አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይመጠጣል፤ ከዚያ ነጩ ወደ ፀሐይ፣ ጥለቱ ወደ ጥላ እንዲሆን ተደርጎ ተገልብጦ ይሰጣል። ያ ሮዝ የሆነው ቀሚስ ሁለት ጊዜ በእንዶድ ታጥቦ ለብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ከሩቅ ነጭ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ግን ከጠርዙ ላይ አሁንም ቅላቱን ያገኘዋል።